በግ ነው ያልኩበት ቀን

ስለ ራሴ መጻፍ ልማዴ አይደለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሳስተምር፣ ከዚያም ጡረታ ወጥቼ የአጥቢያችንን የብራና መጻሕፍት ሳነብና ስተረጉም፣ የሌላውን ቃል እንጂ የራሴን አስቀድሜ አላውቅም። አሁን ብዕር ያነሣሁት አንዲት አጭር ውሸት ተናግሬ፣ ያቺ ውሸት ያስከተለችውን በዓይኔ ስላየሁ ነው። ጉዳዩ ስለ ውሻ ስለሆነ ከቁም ነገር የማይቆጥር አንባቢ ይኖራል። አልፈርድበትም፤ እኔም እንደዚያ ነበርኩ።

የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። ባለቤቴ አስካለ ካረፈች አራት ዓመት አልፏል፤ ልጅ አልወለድንም። ትታልኝ የሄደችው የተሟላ ቤት፣ አንድ የጌሾ ተክልና አንድ ውሻ ነው። በአገራችን ለውሻ የሚወጣ ስም ለጎረቤት ወይም ለባላጋራ የተላከ መልእክት እንደሆነ ታውቃላችሁ። አስካለ መልእክቷን የላከችው ለእኔ ነበር። እኔ ስትናገረኝ ከመጽሐፌ ቀና የማልል ሰው ነበርኩና፣ «በዚህ ቤት ስናገር ጅራቱን እንኳ የሚነቀንቅልኝ እሱ ብቻ ነው» ብላ ቡችላውን «መልሴ» አለችው። ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝምታዬ ራሱ ለእውነቷ ምስክር እንደሆነ የገባኝ ካረፈች በኋላ ነው።

ከቀብሯ ማግስት ጀምሮ ውሻው ከእግሬ ሥር አልተለየም። ሳነብ ይተኛል፤ ስነሣ ይነሣል። እኔ አልዳበስኩትም፤ በሰው ፊትም በስሙ አልጠራሁትም። «መምህር» የሚባል ሰው፣ ቤተ መቅደስ የሚሳለም ሰው፣ ውሻ አቅፎ ቢታይ የሚባለውን አውቃለሁ። ከማንም በላይ የማውቀው ደግሞ ራሴ ያልኩት ስለነበር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት የሰንበቴያችን አባል የሆኑት ወይዘሮ ዘነበች የድግስ ተራቸው ሲደርስ «ዘንድሮ አልቻልኩም» አሉ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ እግሩ የተሰበረ ውሻቸውን ደብረ ብርሃን ወስደው አሳክመው ኖሯል። ማኅበርተኛው ፍርዱን ለእኔ ተወው። ተነሥቼ፣ «ሰው ሳይታከም ውሻ ማሳከም በጎነት ሳይሆን ሥርዓት ማጣት ነው» አልኩ። አረፍተ ነገሩ ተወደደልኝ። ወይዘሮ ዘነበች መቀጮ ከፈሉ፤ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳብ አድርገው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ስንገናኝ ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር።

ባለፈው ጥቅምት መልሴን እከክ ያዘው። በመጀመሪያ የጆሮው ጫፍ ተላጠ፤ ከዚያ ብብቱ፤ ከዚያ ጎኑ። ኅዳር ሲገባ፣ የመንዝ ውርጭ መሬቱን እንደ ጨው ሲያለብሰው፣ እሱ ፀጉር የሌለው ቆዳውን ከግንቡ ጋር ሲያሽ ያድር ጀመር።

እኛ ዘንድ ዋጋ በብር ይነገራል እንጂ የሚታሰበው በበግ ነው። አስካለ በሕይወት ሳለች ይኸው በሽታ ይዞት ነበር፤ ያን ጊዜ ያዳኑት ተከታታይ መርፌዎች የሁለት ዶሮ ዋጋ ነበሩ። ዘንድሮ ወደ ግል የእንስሳት መድኃኒት መደብሩ ሄጄ ስጠይቅ፣ ሰውየው የሙክት ዋጋ ነገረኝ።

«ሙክት?» አልኩ።

«መምህር፣ እኔ አይደለሁም ያስወደድኩት። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በየወሩ ይጨምራል። የበጉን መንግሥት ስለሚያቀርበው ረከሰ። ለውሻ ማን ያቀርባል?»

ሙክት የምገዛበት ጡረታ የለኝም። መርፌውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ነገር ግን «የበጉ ረከሰ» ያለው ቃል ተከተለኝ። እከክ ያው እከክ አይደለም ወይ? ብዬ አሰብኩ። ሰኞ ጠዋት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሄድኩ።

የክሊኒኩ ሐኪም ትሑትና ሥራ ወዳድ ጎልማሳ ነው፤ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ተራዬ ሲደርስ ዞር ብል፣ የሰንበቴያችን ሰብሳቢ አቶ ጥላሁን ከኋላዬ ቆመዋል።

«ምን ልርዳዎት መምህር?»

«እከክ ነው» አልኩ።

«በምን ላይ?»

አቶ ጥላሁን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ምንም ማለታቸው አልነበረም፤ ብርድ ነበረ። እኔ ግን ያ ያማረ አረፍተ ነገሬ ከጀርባዬ የቆመ መሰለኝ።

«በግ ነው» አልኩ።

«መምህር በግ ገዝተዋል ለካ!» አሉ አቶ ጥላሁን። «ለገና ነው እንግዲህ። አንዲት ብልት እንዳይረሱን!» የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

ዶክተሩ ትንሽ ጠርሙስ አውጥቶ እንደ ጥሩ መምህር አስረዳኝ። «የመንዝ በግ ፀጉሩ ረጅምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ቀጭን ብጥብጥ ከቆዳው አይደርስም። ስለዚህ ጠንከር ያድርጉት። እስኪረሰርስ ይንከሩት። ከዚያ አይለቅልቁት፤ በላዩ ላይ ይድረቅ። እርስዎ ግን እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፤ መርዝ ነው።»

አመሰግኜ ስወጣ አቶ ጥላሁን፣ «ለእኔም ያንኑ ስጠኝ፤ የእኔም ያው በግ ነው» ሲሉ ሰማሁ።

ያን ቀን ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ሲሞቅ፣ መልሴን በአስካለ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ አቆምኩት። ትእዛዙን ቃል በቃል ፈጸምኩ፤ ጠንከር አደረግሁት፤ አረሰረስኩት፤ አልለቀለቅሁትም። እሱም ሳይንቀሳቀስ ቆመልኝ። በአራት ዓመት ውስጥ በሁለት እጄ የነካሁት ያን ቀን መሆኑን ስለ ገባው ይመስለኛል፣ ዓይኑን ከፊቴ አላነሣም። ከዚያ ፀሐይ ላይ ተጋድሞ ጎኑን ይልስ ጀመር። እኔም ደስ አለኝና መጽሐፌን ይዤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሲልስ፣ ሲልስ፣ ሲልስ አመሸ።

ማክሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት አልተነሣም። ለሐጩ ከአፉ ወርዶ ደረቱን አርሶታል። ገላው ከራስ እስከ ጅራት ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ገልጬ ባይ ብሌኑ የጤፍ ፍሬ አክላለች።

ወደ ክሊኒኩ ሮጥኩ ማለት ለዕድሜዬ አይሆንም፤ ግን መንገዱን አላስታውሰውም። ዶክተሩ ወደ ገጠር ቀበሌ ለክትባት ሊወጣ፣ የመድኃኒት ሣጥኑን ከሞተር ብስክሌቱ ላይ እያሰረ ነበር። በር ላይ ከሰንበቴያችን ሁለት ሴቶች ቆመዋል።

«ዶክተር፣ ያ በግ ታመመ» አልኩ። «ለሐጭ ይዝረበረባል። ይንቀጠቀጣል።»

ማሰሪያውን ለቀቀና ቀና አለ። «ጠጥቶት ነው?»

«ልሶት ይሆናል።»

«በግ እኮ ራሱን አይልስም፣ መምህር» አለ ቀስ ብሎ። «ስለዚህ ነው በላዩ ይድረቅ ያልኩዎት።» ከዚያ ትኩር ብሎ አየኝ። «እንስሳው በግ ነው አይደል?»

አንባቢዎቼ፣ ይህን ጥያቄ እስካሁን እሰማዋለሁ። ሰውየው በሩን ከፍቶ ይዞልኝ ነበር። ሴቶቹ ወሬያቸውን አቁመው አዩኝ።

«በግ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ከሳፋው የተረፈውን ጠጥቶ ነው። የጠጣ በግ አይተርፍም፤ ማርከሻም አይደርስለትም። ሥጋው አይበላም፤ ቆዳውም እንዳይሸጥ። በጥልቅ ይቅበሩት። አዝናለሁ።» ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ማርከሻው፣ በኋላ እንዳወቅሁት፣ በዚያው ከጀርባው በታሰረው ሣጥን ውስጥ ነበር።

ቤት ስደርስ መልሴ ሊነሣልኝ ሞከረ። የኋላ እግሮቹ አልታዘዙለትም። በፊት እግሮቹ እየተጎተተ ሁለት ክንድ ያህል ወደ እኔ መጣና፣ ደክሞት ተኝቶ፣ እንደገና ጎኑን ሊልስ ዞረ። መንጋጋውን በእጄ ያዝኩ። ሌላ የማደርገውን አላወቅሁም። በግዕዝ የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ ተርጉሜ አውቃለሁ፤ በዚያች ሰዓት አንዲት ቃሉ ትዝ አላለችኝም።

አራት ሰዓት ገደማ የወይዘሮ ዘነበችን የአጥር በር አንኳኳሁ። ከደጃቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ።

«ይግቡ መምህር። በደኅና ነው?»

«ያን ጊዜ... ደብረ ብርሃን ያከመልዎት ሐኪም ስልክ ይኖርዎታል?»

እንዝርቱን አቆሙት። «ለማን ነው?»

«ቤት ላለ እንስሳ።»

«እንስሳው ስም የለውም? አስካለ ያወጣችለትን እኔ አውቃለሁ፤ አብረን ነው የሳቅነው። እርስዎ ይጥሩት እስቲ።»

«መልሴ» አልኩ።

ሌላ አልጠየቁኝም። ነጠላቸውን አንሥተው ከፊት ከፊቴ ሄዱ። ውሻውን እንዳዩ ቁጢጥ ብለው ጆሮውን አሸተቱና፣ «ይህ የበግ ማጠቢያ ነው» አሉ። ሁሉን ነገርኳቸው። ወዲያው ለክሊኒኩ ዶክተር ደወሉ። «በግ አይደለም፤ ውሻ ነው። ልሶት ነው» ብለው ስልኩን በጆሮዬ ላይ ለጠፉት።

 «መምህር፣ ጠዋት ማርከሻው በእጄ ነበረ እኮ» አለኝ ዶክተሩ። «የላሰ ውሻ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ምነው?»

እሱ ያለበት ቀበሌ ሩቅ ነው፤ ከአራት መንደር የተሰበሰበ ከብት ይጠብቀዋል፤ ተመልሶ መድረስ የሚችለው ሲመሽ ነው። በሳሙና ደጋግመን እንድናጥበው፣ ማርከሻ መርፌውን ከግል መደብሩ እንድንገዛ፣ ከዚያም ሳንዘገይ ደብረ ብርሃን እንድናደርሰው ነገረን።

መደብሩ ውስጥ የተገኘው ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነው። ዋጋው የጠቦት ነበር፤ ከፈልኩ። ወይዘሮ ዘነበች በራሳቸው ውሻ ላይ በለመዱት እጅ፣ ዶክተሩ በስልክ እየነገራቸው፣ ወጉት። ትንሽ ቆይቶ ለሐጩ ደረቀ፤ ራሱን ቀና አደረገ፤ አየኝ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ዓለም ወደ ስፍራዋ የተመለሰች መሰለኝ። ወይዘሮ ዘነበችም፣ «አየህ አንተ ሌባ፣ ልታስደነግጠን ነው» አሉት። ከዚያ መንቀጥቀጡ ከእግሩ ጣት ጀምሮ እንደገና ወደ ላይ መጣ፤ ለሐጩም ተመለሰ።

በአስካለ የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ በባናዋ ጠቅልዬ፣ ጆንያ ውስጥ አድርጌ፣ አንገቱን ብቻ በነጠላዬ ሸፍኜ አቀፍኩት። የመንዝ ሰው ሁሉ ከግራና ከቀኝ እያየኝ ወደ መናኸሪያ ወረድን። ሊሞላ ሁለት ሰው የቀረው ሚኒባስ ቆሟል። ሹፌሩ የቀድሞ ተማሪዬ ነው።

«መምህር! ወደ ደብረ ብርሃን ነው? ጆንያውን ይስጡኝ፤ በግ ከሆነ ጣሪያ ላይ አስርልዎታለሁ።»

ወይዘሮ ዘነበች በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። ማለታቸው ገብቶኛል። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች የምትፈለገው፤ ያችኑ ቃል ደግሞ ከአንድም ሁለት ጊዜ ተናግሬአታለሁ። አፌን ከፈትኩ። አልወጣችም።

«ውሻ ነው» አልኩ። «ታሟል።»

ሹፌሩ እጁን ሰበሰበ። «የታመመ ውሻ? ለሐጩ እየወረደ? አብዶ ቢሆንስ መምህር! ሰው እኮ ነው የጫንኩት።» ከውስጥ አንዲት ሴት አማተበች፤ አንድ ሽማግሌ፣ «በጾሙ ቀን ደግሞ ውሻ ታቅፎ!» አለ። መኪናውን ብቻዬን ልከራይ ብዬ ጠየቅሁ። የነገረኝ ሒሳብ ከወር ጡረታዬ ይበልጣል። ከኋላ የቆመው የሌላ ሚኒባስ ሹፌርም ሳንጠይቀው ራሱን ነቀነቀ።

ወይዘሮ ዘነበች እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ ባልለየሁት ድምፅ፣ «መምህር፣ ሰው እንዴት ዛሬን መርጦ እውነት ይናገራል?» አሉኝ።

ከመናኸሪያው የድንጋይ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሚኒባሱ ሞልቶ ሄደ። መልሴ በጭኔ ላይ ትንፋሹ እንደ ወንፊት ይንሿሿ ነበር። ወይዘሮ ዘነበች ለሚያውቁት ሁሉ ይደውላሉ፤ የጭነት መኪና ያለውን፣ አህያ ያለውን፣ ማንንም። እኔ የምሠራው ነገር አልነበረኝም። ጎንበስ ብዬ ስሙን ጠራሁት፤ በአደባባይ፣ ድምፄን ሳልቀንስ። ጅራቱ ከባናው ሥር አንድ ጊዜ ብቻ ተነቃነቀ። ከዚያ ወዲያ ትንፋሹን ጠበቅሁ፤ ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ከአስካለ ጌሾ ሥር ቀበርነው። አፈሩን ስናለብስ፣ «ያን ጊዜ የፈረድኩብዎት ፍርድ...» ብዬ ጀመርኩ። ወይዘሮ ዘነበች ዶማውን መሬት ላይ አቆሙት። «እሱን ለእኔ አይንገሩኝ። እኔማ ሰምቼዋለሁ። ለሰሙት ይንገሩ።»

እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴው በተሰበሰበበት ተነሣሁ። በግ እንዳልገዛሁ፣ ለውሻዬ ብዬ እንደዋሸሁ፣ ስሙ መልሴ እንደነበረ፣ በእጄ እንደ ገደልኩት ተናገርኩ። ከስድስት ዓመት በፊት የተናገርኩትን አረፍተ ነገርም ደግሜ፣ ስሕተት ነበረ አልኩ። ዳር የተቀመጠ አንድ ሰው ሳቁን የጉንፋን ሳል አስመሰለው። ወይዘሮ ዘነበች መሬት መሬት ያያሉ። አቶ ጥላሁን፣ «መምህር፣ ይህ እዚህ የሚነገር ነገር ነው? ይቀመጡ እባክዎን» አሉ። ተቀመጥኩ። ዳቦው ተቆረሰ።

ስንወጣ ከቅጽሩ ውጭ ሰው እጄን ያዘኝ። አቶ ጥላሁን ናቸው። ግራና ቀኝ ተመለከቱ።

«መምህር፣ ያቺ ጠርሙስ... እኔ ገና አልከፈትኳትም።»

«የእርስዎ ለበግዎ አይደለም ወይ?»

መቋሚያቸውን በአፈሩ ላይ አሽከረከሩት። «አንድ ቀይ ውሻ አለኝ። አስራ አንድ ዓመት በጎቼን የጠበቀ ነው። እከክ ጨርሶታል፤ ቆዳው ብቻ ቀርቷል። ለልጆቼ እንኳ አልነገርኩም፤ 'አባባ ጃጀ' ይሉኛል ብዬ።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ከነገ ወዲያ ልነክረው ነበር።»

«ይድፉት» አልኩ። «ከውኃ ርቀው፣ ጉድጓድ ቆፍረው ይድፉት።»

«እሺ። ታዲያ በምን ላክመው? መርፌው እንደሆነ የሙክት ዋጋ ነው።»

ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ጥያቄ ሲቀርብልኝ ወይ መልሻለሁ፣ ወይ የማውቅ መስዬ ዝም ብያለሁ።

«አላውቅም» አልኳቸው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ እኔ ምክር የመስጠት ሥልጣኔን በዚያች የድንጋይ ደረጃ ላይ ትቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ሐኪም ፊት ስትቆሙ ያመጣችሁትን በስሙ ጥሩት። ድመትም ቢሆን፣ የማትረባ አሮጊት ውሻም ብትሆን። የሚስቅ ይሳቅ። እውነት ተናግሬ መልሴን አላዳንኩትም፤ የተናገርኩት በማይጠቅምበት ሰዓት ነውና። ሰኞ ብናገር ግን «እንዳይልስ» የምትል አንዲት የሐኪም ቃል ትበቃው ነበር፤ እሷም ዋጋ አልነበራትም።

አሁን ከአቶ ጥላሁንና ከወይዘሮ ዘነበች ጋር ሦስታችን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እያዋጣን ነው። በጥር የመጀመሪያውን መርፌ ገዝተን ቀዩ ውሻ ተወጋ። ለሁለተኛው ስንሄድ ዋጋው እንደገና ጨምሮ ስለነበር ባዶ እጃችንን ተመለስን። ጠዋት ጠዋት በአቶ ጥላሁን አጥር በኩል ሳልፍ ውሻው ጎኑን ከግንቡ ጋር ሲያሽ ይሰማኛል። ቆም እላለሁ። ስሙን ጠይቄ አውቄዋለሁና፣ በአጥሩ ቀዳዳ እጠራዋለሁ። ማሸቱን ያቆምና ያዳምጠኛል፤ እኔ ርምጃዬን ስቀጥል እንደገና ይጀምራል።